ትርታ፦ ለቀድሞ ተማሪዎቼ የዘገየ እርማት

ወዳጆቼ፣ በተለይ ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ልጆቼ፣ ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። አሁን ጊዜ ከሌላችሁ ማታ ተመለሱበት። ለብዙ ዓመት አንድ ነገር አሳስቼ አስተምሬያችኋለሁ፤ እሱን ላርም ነው የተቀመጥኩት። ከስህተቱ ጋር የተያያዘ ሌላ ነገርም አለ፤ እሱን ለመጻፍ ግን ሦስት ቀን ፈጅቶብኛል።

ባለፈው ሳምንት ባንኮ ጎቲቲ ነበርኩ። ለማታውቁት፣ ከዲላ ተነስታችሁ ወናጎን፣ ይርጋ ጨፌን፣ ጨለለቅቱን አልፋችሁ ጌዴብ ትገባላችሁ፤ ጎቲቲ እዚያው ጌዴብ ወረዳ ውስጥ ናት። ስሟን በቡና ከረጢት ላይ አሜሪካና ጃፓን ያለ ሰው ያነበዋል፤ እኛ ዲላ ያለነው ግን ስንቶቻችን ሄደን አይተናታል? እንሰቱ ከቡናው፣ ቡናው ከትልልቁ ዛፍ ሥር ተጠላልሎ፣ ሰው ቤቱን የሠራው ጫካ ውስጥ ይሁን ጫካውን ያበቀለው ጓሮው ውስጥ ይሁን አይለይም። ይህ የጌዴኦ መልክዓ ምድር እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ደስ ብሎናል። ዳገቱ ግን ቅርስ ሆነ ብሎ ለጉልበቴ አልራራም።

የሄድኩት አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ጠርቶኝ ነው። እሸት ቡና ማጠቢያ ጣቢያ ውስጥ መካኒክ ነው። ወቅቱ የቀይ እሸት ስለሆነ መፈልፈያው ሌት ተቀን ውሃ ይፈልጋል፤ ውሃውን ከወንዝ ወደ ላይኛው ታንከር የሚገፋው የውሃ ሞተር ደግሞ ጠዋት ጠዋት እንቢ እያለ አስቸግሮታል። «ቲቸር፣ ይምጡና ይዩልኝ፤ ቡናም እንጠጣለን» አለኝ። እሱ ከእኔ በላይ እንደሚያውቅ አውቃለሁ። የጠራኝ ለቡናው ነው፤ ሞተሩ ሰበብ ነው።

ለማንኛውም ወረድን። ችግሩ ወንዙ ውስጥ ከሚገባው ቱቦ ጫፍ ላይ ነበር። እዚያ ፉት ቫልቭ የሚሉት አለ፤ ውሃ ወደ ላይ ሲሳብ የሚከፈት፣ ሞተሩ ሲቆም ውሃው ተመልሶ እንዳይፈስ የሚዘጋ ክዳን ነው። የእንሰት ቃጫ ገብቶበት አላስዘጋው ብሎ ነበር። ሌሊቱን ቱቦው ውስጥ ያለው ውሃ ቀስ እያለ ወደ ወንዙ ይመለሳል፤ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ አየር ይዞ ይሽከረከራል። ቃጫውን በሽቦ አወጣነው፤ ውሃ ሞልተን አስነሳነው፤ ሄደ።

ያን ጊዜ እጄን ወደ ላይ በሚወጣው ቱቦ ላይ አደረግኩና እንደ ድሮዬ አስተማሪ ልሁን አልኩ። «ትርታው ይሰማሃል? እንደ ልብ ነው።» ልጁ ሳቀብኝ። «ቲቸር፣ ይሄ የሞተሩ መንቀጥቀጥ ነው። ውሃው ትርታ የለውም» አለና ወደ ግፊት መለኪያው አሳየኝ። የጌጁ መርፌ አንድ ቦታ ላይ ቆሟል። ከዚያ ቱቦውን ይዞ መቶ ሜትር ያህል ዳገት አስወጣኝና «አሁን ይያዙት» አለኝ። ያዝኩት። ቀዝቃዛ፣ ሙሉ፣ ግትር ነው። ምንም ትር የሚል ነገር የለም።

ልክ ነው። ይህ ዓይነት ፓምፕ ውስጡ ክንፍ ያለው መንኮራኩር ነው፤ እየተሽከረከረ ውሃውን ከመሐል ወደ ዳር ይወረውረዋል። መሙላትና ባዶ መሆን የለውም፤ ተራም አያውቅም። (ነገረኛ የሆናችሁ ተማሪዎቼ «እያንዳንዱ ክንፍ ሲያልፍ ትንሽ ንዝረት ይፈጠራል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ ግን በሰከንድ በመቶዎች የሚቆጠር ነው፤ እጅ አይለየውም።) የመንደሩ የእጅ ፓምፕ፣ አፍሪዴቭ የምንለው፣ የተለየ ነው። እሱ ፒስተን አለው፤ ይሞላል፣ ይገፋል፣ እንደገና ይሞላል። ውሃው ከአፉ ቧ... ቧ... እያለ ነው የሚመጣው። ትርታ ያለው እሱ ነው። ትርታ የሚኖረው በተራ በሚሠራ ነገር ላይ ነው።

ዳገቱን ወጥተን ቤቱ ስንደርስ ትንፋሼ ተቆራርጧል። ሚስቱ ነርስ ናት፤ እሷም ተማሪዬ፣ ያውም የዚያው ክፍል። ሳትጠይቀኝ አንጓዬን ያዘች። በአውራ ጣቷ አይደለም፣ በሁለቱ ጣቶቿ፤ አውራ ጣት የራሱ ትርታ ስላለው ያታልላል። ዓይኗን ሰዓቷ ላይ አድርጋ አንድ ደቂቃ ሙሉ ዝም አለች። በ2010 እና በ2011 ዓ.ም. ከምዕራብ ጉጂ የተፈናቀሉ ብዙ ሺህ ሰዎች ጎቲቲ ተጠልለው በነበረበት ጊዜ የስንቱን ሕፃን እጅ እንደያዘች ባሏ ነው የነገረኝ፤ እሷ አታወራውም። ቆጥራ ስትጨርስ «96፤ ግን እኩል ነው» አለች። ከዚያ የደም ግፊቴን ለካች፤ 165 በ70። ፊቷ አላማራትም።

«ትርታ ማለት ምን ነበር ቲቸር?» አለችኝ እየሳቀች። እኔም ሰሌዳ ላይ ስጽፈው የኖርኩትን ደገምኩላት፦ ልብ የረጨው ደም በጣታችን ሥር ሲያልፍ የሚሰማን ምት። «ስህተት ነው እኮ» አለች። ባሏ ቆሎ እየቆረጠመ በጣም ደስ አለው።

እርማቱ ይኸውላችሁ። ልብ አሁን የረጨው ደም አሁን አንጓችሁ ጋ አይደርስም። ከልብ በሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ፣ በአኦርታ ውስጥ፣ ደም በአማካይ በሰከንድ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፤ ወደ ትንንሾቹ ሲገባ ደግሞ እየቀነሰ ይመጣል። ትርታው ግን በሰከንድ ከ5 እስከ 10 ሜትር፣ በሽማግሌ ላይ ከዚያም በላይ ይሮጣል። ከልብ እስከ አንጓ ያለው መንገድ አንድ ሜትር ስለማይሞላ፣ ትርታው በአንድ አሥረኛ ሰከንድ አካባቢ ደርሷል፤ ደሙ ገና መንገድ ላይ ነው። የታክሲ ሰልፍ አስቡ። ከኋላ ያለው ሰው ሲገፋ፣ ገፊው አንድ እርምጃ ሳይራመድ ግፊቱ ፊት ያለው ጀርባ ላይ ይደርሳል። ከጣታችሁ ሥር የሚሰማችሁ ግፊቱ ነው፤ የደም ሥሩ ግድግዳ ተለጥጦ ሲመለስ ነው። ገፊው ራሱ ገና አልመጣም።

አማርኛችን ይህንን ከእኔ በፊት ያወቀው ይመስለኛል። «ምት» እና «ትርታ» ሁለት ቃል ናቸው። ምቱ ደረት ውስጥ ነው፤ የሚመታ ጡንቻ አለ። ትርታው ሌላ ቦታ ትር ትር የሚለው ነው። እኔ ሁለቱን አንድ አድርጌ አስተማርኩ።

ለምን ይለጠጣል የሚለው ደግሞ የበለጠ ደስ ይላል። ልብ በእያንዳንዱ ምት የሚረጨው 70 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው፤ አንዲት የቡና ስኒ በሉት። በደቂቃ 70 ስኒ ወደ 5 ሊትር ይሆናል፤ በቀን ወደ 7,000 ሊትር፣ ማለትም 350 ባለ 20 ሊትር ቢጫ ጄሪካን። ዳገት ላይ ውሃ የቀዳችሁ ሴቶች ይሄ ቁጥር ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። አሁን ልብ በሉ፦ ልብ ስኒውን የሚያፈሰው ከአንድ ምት ጊዜ አንድ ሦስተኛ በሚሆነው ውስጥ ነው። የቀረውን ጊዜ ቫልቩን ዘግቶ እየሞላ ነው። ታዲያ በዚያ ጊዜ ደሙ ለምን አይቆምም? ልቡ ውስጥ ያለው ግፊት ወደ ዜሮ ሲወርድ ደም ሥሩ ውስጥ ለምን 80 ላይ ይቀራል?

መልሱ ያለው በጀርባ በሚታዘለው የጸረ ተባይ መርጫ ውስጥ ነው። ገበሬው እጀታውን ከፍ ዝቅ፣ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ርጭቱ ግን አይቆራረጥም። ውስጡ ትንሽ የታመቀ አየር የያዘ ክፍል አለ። እጀታው ሲገፋ አየሩ ይጨመቃል፤ እጁ ሲያርፍ አየሩ ተመልሶ ይገፋል። የአንዱን አፍታ ጉልበት ለሌላው አፍታ ያስቀምጣል። ያ ክፍል አየሩን ካጣ ርጭቱ እንደ እጁ እየተቆራረጠ ይመጣል። ይህንን ከልብ ጋር ያገናኘው እንግሊዛዊው ቄስ ስቲቨን ሄልስ ነው። የፈረስ ደም ሥር ውስጥ ቱቦ ሰክቶ ደሙ ወደ ሁለት ሜትር ተኩል ከፍታ ሲወጣ የለካ ሰው ነው፤ በ1733 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ የደም ሥሮችን መለጠጥ በዘመኑ የእሳት አደጋ ፓምፕ ላይ ከነበረው የአየር ክፍል ጋር አነጻጸረው። ጀርመናዊው ኦቶ ፍራንክ በ1899 እ.ኤ.አ. በሒሳብ ሠራው፤ ሐኪሞች እስካሁን በዚያው በጀርመንኛ ስሙ ይጠሩታል፤ የአየር ጋን እንደማለት ነው። እኛ ውስጥ አየር የለም፤ አየሩን የተካው የአኦርታ መለጠጥ ነው። እንዲያውም የልብ ጡንቻ ራሱ፣ በተለይ ግራው፣ ደሙን በብዛት የሚያገኘው ሲጨመቅ ሳይሆን ሲያርፍ ነው፤ አኦርታው ካስቀመጠለት።

የእኔ 165 በ70 ከዚህ ጋር ይያያዛል። ዕድሜ ሲገፋ አኦርታው ይደርቃል፤ ስኒው ሲመጣለት አይለጠጥለትም፣ ላይኛው ቁጥር ይወጣል፤ መልሶ የሚገፋው ስለሌለው ታችኛው ይወርዳል። «ጋንዎ ደርቋል ቲቸር» አለችኝ። መድኃኒት ጀምሬያለሁ፤ አትጨነቁ።

እዚህ ላይ መካኒኩ ጥያቄ አመጣ። «የእኔ ሞተር ያለ ትርታ ውሃ ካደረሰ፣ ለሰውስ ትርታ ምን ያደርግለታል?» ጥያቄው ቀልድ አይደለም። ልባቸው ለደከመ ሰዎች ደረት ውስጥ የሚቀመጥ፣ እንደ ማጠቢያው ሞተር የሚሽከረከር ትንሽ ፓምፕ አለ። ሃርትሜት 2 የሚባለው እ.ኤ.አ. በ2008 አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ይህንን የያዘ ሰው ቆሞ ያወራችኋል፣ ይስቃል፤ አንጓውን ስትይዙት ግን ብዙ ጊዜ ምንም የለም። በ2011 እ.ኤ.አ. ደግሞ ሂውስተን፣ ቴክሳስ፣ ዶክተር ቢሊ ኮን እና ዶክተር ባድ ፍሬዚየር የአንድን ሰው ልብ ሙሉ በሙሉ አውጥተው ሁለት ተሽከርካሪ ፓምፕ ተኩበት። ሰውዬው ነቃ፣ አወራ፣ ከአንድ ወር በላይ ኖረ። ያለ አንዲት ምት። ያለ ትርታ መኖር ያለ ችግር ነው እያልኩ አይደለም፤ አንጀት ውስጥ መድማት ከሚታወቁት ጣጣዎቹ አንዱ ነው፤ ቀጥሎ የመጣው ሃርትሜት 3 በየሁለት ሰከንዱ ፍጥነቱን እየለዋወጠ ሰው ሠራሽ ትርታ እንዲያወጣ ተደርጓል። ነገሩ ግን ግልጽ ነው፤ አካል በመጀመሪያ የሚፈልገው ፍሰቱን ነው። ትርታው ወሬ ነጋሪ ነው፤ ልብ እንዴት እየሠራ እንደሆነ ከሩቅ የሚያወራ።

ነርሷ ስኒውን አስቀመጠችና «ወሬውን ለሚያምን ነው እንጂ» አለች። ከዚያ የአንዲት ልጅ ስም ጠራች። እዚህ አልጽፈውም። የዚያ ክፍል ልጆች ታውቋታላችሁ፤ ከመስኮቱ አጠገብ፣ ከነርሷ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ትቀመጥ ነበር።

በጌዴኦ ዞን ካስተማርኩባቸው ትምህርት ቤቶች በአንዱ ነው። የትርታ ቆጠራ ላብራቶሪ ነበረን፤ ዕቃ ስለማይፈልግ እወደው ነበር። እያንዳንዱ ተማሪ ተቀምጦ የራሱን ትርታ ለ30 ሰከንድ ይቆጥራል፤ ሦስት ጊዜ። ሦስቱ ቁጥር መቀራረብ አለበት፤ ትምህርቱም ስለ ልኬት ስህተት ነው። 38፣ 39፣ 38 የጻፈ ጎበዝ ነው። ልጅቷ 34፣ 47፣ 39 ብላ አመጣች። ድገሚ አልኳት። ደገመች፤ አሁንም የተበታተነ ነው። «ቲቸር፣ እንደዚህ ነው የሚመታው» አለችኝ። እኔም ክፍሉ እየሰማ፣ «ልብሽ ሒሳብ አይችልም ማለት ነው?» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። ከ10 ዜሮ ሰጠኋት።

ነርሷ ያን ቀን አብራት ነበረች። ትምህርት ቤቱ ዳገት ላይ ስለነበር ልጅቷ ሁለት ሦስት ጊዜ ሳታርፍ አትደርስም ነበር፤ እኔ በማርፈድ ደግሞ ቀጥቻታለሁ። ከትምህርት በኋላ አገባች። በመጀመሪያ እርግዝናዋ ሰባተኛ ወር ላይ መተንፈስ አቃታት፤ ወደ አንድ ሆስፒታል ተላከች፤ አልተመለሰችም። የሪፈር ወረቀቱ ላይ የልብ ቫልቭ ጥበት እንደሚል ነርሷ፣ ያን ጊዜ ተማሪ ሆና፣ አይታዋለች። ያን ጊዜ አልገባትም ነበር።

እንደዚህ ነው የሚሆነው። ሕፃን ሆና ጉሮሮዋን ታማ ይሆናል፤ ቶንሲል ብለን የምንተወው፣ አንዳንዱም እንጥል የሚያስቆርጥለት። እንጥል መቁረጥ ባክቴሪያውን አይነካውም። በአንዳንድ ልጆች ላይ ሰውነት ያንን ባክቴሪያ ልዋጋ ሲል የልብን ቫልቭ አብሮ ይጎዳል፤ መገጣጠሚያ ያማል፣ ትኩሳት ይመጣል፣ ይተዋል። ቫልቩ ግን በዓመታት እየጠበበ ይሄዳል። በግራ ልብ በላይኛውና በታችኛው ክፍል መካከል ያለው በር ሲጠብ ታችኛው ክፍል ቶሎ አይሞላም። ሲያርፉ ይበቃል። ዳገት ሲወጡ ልብ ይፈጥናል፤ ሲፈጥን የሚያጥረው የማረፊያው፣ ማለትም የመሙያው ጊዜ ነው። ደሙ ከበሩ ኋላ ሳንባ ላይ ይጠራቀማል። እርግዝና ደግሞ የደሙን መጠን ወደ ግማሽ ያህል ይጨምረዋል፤ በሩ ግን ያው ነው።

የላይኛው ክፍል እየተለጠጠ ሲሄድ ሥርዓቱን ያጣል፤ ምቱ አንዴ ይቀድማል አንዴ ይዘገያል። ቶሎ የመጣ ምት ክፍሉ ሳይሞላ ስለሚገፋ ትርታው አንጓ ላይ አይደርስም። አፍሪዴቩን አጭር አጭር፣ ቶሎ ቶሎ አድርጋችሁ ብታንቀሳቅሱት እጃችሁ ይሠራል፤ ከአፉ ግን ይህ ነው የሚባል ውሃ አይመጣም። ስለዚህ ነው ነርሶች አንዷ ደረት ላይ እያዳመጠች ሌላዋ አንጓ ላይ የምትቆጥረው። ደረት ላይ 110 ሆኖ አንጓ ላይ 85 ሊሆን ይችላል። ሁለቱም በትክክል ቆጥረዋል።

«ያን ቀን በእርግጠኝነት ምን እንደነበረባት አሁን ማንም ሊያውቅ አይችልም» አለችኝ ነርሷ። እኔን ለማጽናናት ይመስለኛል። ቀጥላ ግን «ቆጠራዋ ግን ልክ ነበር» አለች።

እያስተማራችሁ ያላችሁ ብዙ ናችሁ፤ የወላጅነቱማ ይብሳል። ዳገት ላይ ከእኩዮቹ የሚቀር ልጅ፣ ጉሮሮውን ታሞ ቆይቶ ጉልበቱንና ክርኑን እየተዘዋወረ የሚያመው ልጅ፣ ትርታው የተዘበራረቀ ልጅ ካያችሁ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። በባክቴሪያ የመጣው የጉሮሮ ሕመም በፔኒሲሊን ይድናል። ቫልቩ ተነክቶ ቢገኝም በየወሩ ገደማ የሚወጋ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን አለ፤ ሕመሙ እንዳያገረሽና ጉዳቱ እንዳይብስ የሚሰጥ፣ ለዓመታት የሚቀጥል። መርፌው ያማል፣ ልጆች ይሸሻሉ፤ አታስቋርጧቸው። በሩ በጣም ከጠበበ ወደ ቀዶ ሕክምና ነው፤ አዲስ አበባ ጥቁር አንበሳ ግቢ ውስጥ ዶክተር በላይ አበጋዝ ብዙ ደክመው ያቋቋሙት የልብ ማዕከል አለ፤ ወረፋው ግን ረጅም ነው። ጎቲቲ ላለ ልጅ ደግሞ አዲስ አበባ ራሱ ሩቅ ነው። የምታውቁት ልጅ ካለ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ነርሷ የት መጀመር እንዳለባችሁ ትነግረናለች፤ ፈቅዳለች።

ዲላ ስመለስ የድሮ ማርክ መመዝገቢያዎቼን አወጣሁ። ሚስቴ ለስንት ዓመት ጣላቸው ስትለኝ የኖረችው ካርቶን ውስጥ ናቸው፤ አይጥ ጠርዙን በልቶታል። የዚያን ዓመት አገኘሁት። ተራ ቁጥር 27፣ ላብራቶሪ 3፣ በቀይ እስክሪብቶ ዜሮ። የምሰጠውን ምክንያት በጎን በእርሳስ የመጻፍ ልማድ ነበረኝ። 34፣ 47፣ 39 ይላል፤ ከሥሩ «ቆጠራ አትችልም»።